እናትህን ትንሽ አሳምማት

«ዛሬ እናትህን ትንሽ አሳምማት» አሉ አቶ ጣሰው።

ዘመኑ የሸሚዙን ቁልፍ እየቆለፈ ነበርና እጁ ደረቱ ላይ ቀረ። አባትየው በሶ የበጠበጡበትን ጣሳ በሁለት እጃቸው አቅፈው፣ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ስበው፣ ቀና እንኳ ሳይሉ ነው የተናገሩት። «ብዙ አይደለም፣ ትንሽ። ጉልበቷን ብርድ መታት በል። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ወገቧ ታወጣዋለህ። እንዲህ እንዲህ እያልን ቀስ ብለን እናደርሳታለን እንግዲህ፣ ምን ይደረጋል።» ካሣነሽ ከተቀበረች ስድስተኛ ወሯ ነው። አፈር ሲለብሷት ጉድጓዱ አጠገብ ቆመው ያዩት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። አሁን ግን የሞተች ሚስታቸውን በልጃቸው እጅ እንደገና ሊያስታምሙ ነው። ዘመኑም ነገሩ እንግዳ አልሆነበትም፤ «እሺ አባየ፣ ጉልበቷን» አለና ጫማውን ፍለጋ አልጋ ሥር ጎነበሰ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቤቱ ታናሽ ልጅ ኤልሳቤጥ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ትኖራለች፤ ባለትዳር ናት፣ ወንድሟ በሚሠራበት የገበሬዎች ዩኒየን የእስቴ ቅርንጫፍ የሒሳብ ሠራተኛ ናት። እናቷ በኅዳር ስትሞት እሷ ገና የሁለት ሳምንት አራስ ነበረች። አራስ ደግሞ መርዶ አይነገራትም፤ ጡቷ ይደርቃል፣ ደም ይመታታል፣ ይህን የማያውቅ የጋይንት ሰው የለም። «ልጁ ክርስትና ይነሣና» ተባለ። ልጁ ክርስትና ተነሣ። «ጥምቀት ይለፍ» ተባለ፣ አለፈ። «በጾም የደከመ ሰው ላይ እንዴት?» ተባለ። «በፋሲካ? ሰው በፋሲካ መርዶ ይናገራል?» ተባለ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ መንገዱ አለ፤ ተከፈተ ይባላል፣ ሰው ስንቁን ሲቋጥር ተዘጋ ይባላል። መርዶ ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሌሊት ገስግሶ፣ ጎህ ሲቀድ በር አንኳኩቶ፣ ሰውየውን ግራና ቀኝ ይዞ የሚናገረው ነገር ነው። መንገድ በሌለበት በምን እግር ይሂዱ? ስለዚህ የእስቴ ጎረቤት ያውቃል፣ ባሏ ያውቃል፣ የቅርንጫፉ ዘበኛ ሳይቀር ያውቃል፤ እሷ ብቻ አታውቅም ይባላል።

በስልክ አታውቀውም ወይ የሚል ቢኖር፣ ካሣነሽ በሕይወት ሳለችም ስልክ አይሆናትም ነበር፤ ጆሮዋ ከደከመ ቆይቷል። ኤልሳቤጥ ለእናቷ የምትለውን በቢሮው ኢሜይል ለወንድሟ ትጽፋለች። እሱ ማታ ቤት ገብቶ እናቱ ጆሮ ሥር እየጮኸ ያነብላታል። እናትየዋ የምትመልሰውን ደግሞ በነጋታው ቢሮ ተቀምጦ እንዳለችው አድርጎ ይልካል። ካሣነሽ የሞተች ሰሞን «እማየ ልጄ ማንን እንደሚመስል ልንገራት» የሚል ደብዳቤ መጣ። ዘመኑ ከሰልስት የተመለሰ፣ ዐይኑ ገና ያበጠ፣ ምን ብሎ ይመልስ? ተቀመጠና እናቱን ሆኖ ጻፈ። አንዱ ሁለት ሆነ፣ ሁለቱ ልማድ ሆነ። አባትየውም ኤልሳቤጥ በስልክ ስትጠይቃቸው «ደኅና ናት፣ እንደ ፊቷ ናት» ብለው ስልኩን ቶሎ ለልጃቸው ማቀበል ለመዱ።

የሚኖሩት ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ነው፤ ግድግዳዋ የጭቃ፣ ወለሏ ሲሚንቶ፣ ወፍጮው ሲነሣ ሰሃኑ ከመደርደሪያው ላይ የሚንቀጠቀጥባት ቤት። አከራይዋ በዚህ ወር ኪራዩን ሦስት ሺህ አምስት መቶ ብር አድርጋዋለች፤ ለምን ቢሏት ሽንኩርት ስንት እንደገባ ትነግራለች። የካሣነሽ መደብ እስካሁን ምንጣፉ አልተነሣም። ዘመኑ ሠላሳ አራት ዓመቱን ይዞ አላገባም፣ አባቱ ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ከዚያች ክፍል ብዙም አይወጡም። ሁለት ወንዶች ማታ ማታ ሻይ እያፈሉ፣ ስለ ድንች ዋጋና ስለ ዝናቡ ሁለት ሦስት ቃል ተናግረው፣ ከዚያ ወዲያ ዝም። ስለ እሷ የሚያወሩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ደብዳቤ ሲጻፍ። እዚያ ላይ ሲሆን አባትየው አፋቸው ይፈታል። «ዶሮዋ ጫጩት ፈለፈለች በላት»፣ «ለሥላሴ ጠላ ጠመቀች በላት» ይላሉ። ዶሮም የለች፣ ጠላም የለ። ዘመኑ ግን ሁሉንም ይጽፋል።

ከቤት ሲወጣ የንፋስ መውጫ ንፋስ ሥራውን ይዟል፤ ስሟን ያወጣላት ሰው መቼም አልዋሸም። ባጃጅ አልያዘም፣ በእግሩ ሄደ። የዕለቱ ሥራ ከባድ ነበርና ልቡ እዚያ ነው። ዩኒየኑ የሠራተኛውን ኢሜይል በሙሉ ከአሮጌው ሰርቨር ወደ አዲስ ሰርቨር ሊያሻግር ነው። አሮጌው ሰርቨር የዘር ገብስ ከተደረደረበት መጋዘን ጎን፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ያለ አቧራ የጠገበ ማሽን ነው። ዘመኑ ስድስት ዓመት አስታሞታል፤ ሲሞቅ በካርቶን አራግቦለታል፣ መብራት ሲጠፋ ሮጦ ጄኔሬተር አስነሥቶለታል። አዲሱ ደግሞ አዲስ አበባ፣ ሌላ ድርጅት ቤት የተቀመጠ ነው፤ በኪራይ። የንፋስ መውጫው ዋና ቢሮ፣ የአርብ ገበያው፣ የስማዳውና የእስቴው ቅርንጫፍ ሠራተኛ ሁሉ የመልእክት ሳጥኑ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተሻግሮ ማለቅ አለበት። ከዚያ አሮጌው ይጠፋል። ክፍሉ ለዘር ማበጠሪያው ተፈልጓል፣ ሥራ አስኪያጁ አቶ ደሳለኝ ተናግረዋል፣ አለቀ።

ሠራተኛው ግን ምን እንደሚሻገር ገና አልገባውም። ግማሹ ፓስወርዱን በኮሪደር እየጮኸ ይነግረዋል። የመጋዘኑ ኃላፊ ሥዩም «የልጄ ስም ነው፣ መቼም የልጄን ስም ታውቃለህ» ብሎ አልፎ ሄደ። አቶ ደሳለኝ ደግሞ ኢሜይላቸውን በዐይናቸው አይተውት አያውቁም። ጸሐፊዋ ሜሮን የመጣውን ሁሉ በወረቀት ታትማለች፣ «ገቢ» የሚል ማህተም ትመታበታለች፣ ፋይል ውስጥ አድርጋ ጠረጴዛቸው ላይ ታኖራለች፤ እሳቸው በእስክሪብቶ ይመራሉ። በየቅርንጫፉም የሚሠራው እንዲሁ ነው። ዘመኑን አስጠርተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት። «ስታሻግረው ማህተሙም አብሮ ይሻገራል?» አሉት። ማህተሙ ያለው ወረቀቱ ላይ መሆኑን በአክብሮት አስረዳቸው። «እንግዲያው የማይረባውን ነው የምታሻግረው» አሉና ወደ ፋይላቸው ተመለሱ።

ከማሽኑ አጠገብ ባለው ጠረጴዛው ተቀምጦ ከቅርንጫፎቹ ጀመረ። ሳጥን በሳጥን እየመረጠ ይለቀዋል፤ አረንጓዴ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ሲሞላ አንድ ሰው ተሻገረ ማለት ነው። የገባው ሰው አዲስ ፓስወርድ ለራሱ ይሰጣል፤ ሳጥኑ ከተሻገረ በኋላ ዘመኑም ቢሆን የሰውን ሳጥን አይከፍትም፣ ቁልፉ የባለቤቱ ብቻ ነው። እስቴ በጊዜ አለቀለት። ከዚያ የራሱን ሳጥን አስጀመረና፣ መስመሩ እስኪሞላ የተላኩትን ደብዳቤዎች አንድ አንድ እያለ ከፈታቸው። አይከፍትም ብሎ ነበር፤ ከፈተ።

እናቱ እዚያ አለች። ከኅዳር በፊት ያለችው፣ እውነተኛዋ። «ደመወዝ ጨመሩልኝ አለች? ወጧ ላይ ጨው ትጨምርበት በላት፣ ባለፈው የላከችው ሽሮ ጨው የለውም።» «ፎቶዋን አየሁት። አንገቷ ቀጥኗል። እዚያ ምን ትበላለች፣ ወረቀት?» ልጅቱ ስትወልድ ደግሞ፣ «ወንድ ወለድሁ ብላ አትኩራ በላት፣ ሁሉም ይወልዳል።» ዘመኑ ብቻውን ሳቀ። ይህን ስትል እንዴት እንደምትቀመጥ፣ ነጠላዋን በየትኛው ጥርሷ እንደምትይዝ ያውቃል። ካሣነሽ ልጅ የምታቆላምጥ ሴት አልነበረችም። ልጇ ለበዓል ስትመጣ ከደጅ የምትቀበላት «ምነው እግርሽ፣ ውኃ የለም እንዴ እስቴ?» ብላ ነው፤ ስትሸኛት ደግሞ «ሂጂ፣ መኪናው ያመልጥሻል» ብላ ጀርባዋን ትሰጣለች። በዚያ ቤት እንባም ሆነ ናፍቆት በሆድ ነው የሚኖረው፤ ሆድ ይፍጀው ነው።

ከዚያ የኅዳር ደብዳቤዎች መጡ፣ እሱ የጻፋቸው። «ልጄ፣ ናፍቀሽኛል። ማታ ማታ ድምፅሽ ይመጣብኛል።» «ዐይኔ ሳይጠፋ አንድ ቀን ባይሽ።» «አንቺን የሰጠኝ አምላክ ይመስገን፣ እኔ ባንቺ ታድያለሁ።» ብቻውን ተቀምጦ ፊቱ ጋለ። እነዚህን ሲጽፍ በሩን ይዘጋ ነበር። መጀመሪያ ለእህቱ ብሎ ነው የጻፈው፣ ልቧ እንዳይሰበር። እየቆየ ግን ጣፈጠው። አንድ ሰው ከኋላው ቆሞ ቃሉን ወደ ጆሮው የሚያንሾካሹክለት ይመስለው ነበር፤ የሚጽፈው ለኤልሳቤጥ፣ የሚሰማው እሱ። እናቱን እንዴት እንደናፈቃት ለማንም ተናግሮ አያውቅም። የናፈቃት ግን ያቺን የምትቆጣዋን ይሁን፣ ወይስ ይህችን ራሱ የሠራትን፣ እሱም አያውቀው።

የራሱ መስመር ሞላ። የተሻገሩትን አንድ ባንድ ሊያረጋግጥ የእስቴን ዝርዝር ሲያወጣ፣ የኤልሳቤጥ ሳጥን ላይ ደረሰ። «የተጣሉ» የሚለው ማኅደሯም አብሮ ተሻግሯል።

በኅዳር፣ እሱ ገና ቀብር ላይ ሳለ፣ ሜሮን በደግነቷ ለሠራተኛው በሙሉ የሐዘን መግለጫ በትና ነበር። የሥራ ባልደረቦቻችን የአቶ ዘመኑና የወይዘሮ ኤልሳቤጥ ወላጅ እናት በድንገተኛ ሕመም ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋልና፣ መዋጮው በሜሮን በኩል ይሰብሰብ፣ ይላል። ለሠራተኛው በሙሉ ማለት ለኤልሳቤጥም ማለት ነው። ዘመኑ ከሰልስት እንደተመለሰ ወደ እህቱ ሳጥን ገብቶ መግለጫውን ጣለው። እሷ የወሊድ ፈቃድ ላይ ነበረች፣ ኮምፒውተር አጠገብ አልደረሰችም፤ የምትልከውንም ደብዳቤ የቅርንጫፉ ገንዘብ ያዥ እንየው ነበር የሚጽፍላት፣ የሚመጣውንም አትሞ በእጁ የሚያደርስላት። መጣል ግን ማጥፋት አይደለም። ካሣነሽ የተሰነጠቀ ማሰሮ ጓሮ እንደምታኖረው፣ ማሽኑም የጣለውን ሁሉ አንድ ጥግ ያኖራል። አሮጌው ላይ ማንም አያየውም ነበር። አዲሱ ግን፣ ዘመኑ ራሱ ከዓመታት በፊት ለሠራተኛው እንዲቀል ብሎ በአማርኛ የሰየመውን ማኅደር ምን እንደሆነ አላወቀውም፤ ቆሻሻ መሆኑን የነገረው የለም፤ ከላይ፣ ገና እንዳልተነበበ አዲስ መልእክት አድርጎ በደማቁ አስቀመጠው።

መግለጫውን እንዲያጠፉለት አዲሱ ሰርቨር ወዳለበት ድርጅት፣ አዲስ አበባ ደወለ። አንዲት ልጅ በትሕትና «የሰው ሳጥን ገብተን መልእክት የምናጠፋው ማህተም ያለው ደብዳቤ ሲመጣልን ነው ጌታዬ» አለችው። ወደ እስቴ ደወለ፣ እንየው አነሣ። «እንየው፣ ኤልሳቤጥ ዛሬ ኮምፒውተር እንዳትከፍት አድርግልኝ» አለው። እንየው ሳቀ። «ምን ትላለህ፣ ከጠዋት ጀምሮ ለሁላችን አዲሱን ያስገባችልን እሷ አይደለችም እንዴ?» ዘመኑ ስልኩን ወደ ሌላ ጆሮው አዞረ። «ፊቷ እንዴት ነው?» «ፊቷማ ምን ሆነ? ደኅና ናት። ሥራ ላይ ናት።» እንየውም መግለጫውን በኅዳር ያነበበ፣ ስድስት ወር አፉን ይዞ የኖረ ሰው ነው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ምነው፣ አመለጠ እንዴ?» አለ። ዘመኑ ስልኩን ዘጋው።

ለምሳ ቤት ገባ። አቶ ጣሰው ድንች ቀቅለው፣ ሽሮ ሠርተው፣ እንጀራ አቅርበው ይጠብቁታል። የሽሮውን ማሳነስ የለመዱት ገና በቅርቡ ነው፤ መጀመሪያ ሰሞን ለአምስት ሰው ይሠሩ ነበር። «ጉልበቷን ጻፍህላት?» አሉ። ዘመኑ አንድ ጉርሻ በእጁ ይዞ ሁሉንም ነገራቸው፤ መግለጫውን፣ ማኅደሩን፣ ራሱ የሠራውን ስሕተት። አባትየው የድንች ልጣጭ አንሥተው ሰሃኑ ጫፍ ላይ አስቀመጡ፣ ሌላ አነሡ፣ አስቀመጡ።

«ልጄ በማሽን መርዶ ልትረዳ?» አሉ በመጨረሻ። «የሚይዛት ሳይኖር?»

«ላጠፋው አልቻልሁም አባየ።»

አቶ ጣሰው እጃቸውን ታጠቡ። ዘመኑም ቁጣውን ጠብቆ ነበር፤ ቢቆጡት ይሻለው ነበር። ወፍጮው ተነሥቶ ሰሃኑ ሲንቀጠቀጥ ሁለቱም ወደ መደርደሪያው አዩ። ዘመኑ «እንግዲህ ልሂድ» አለ፣ «ሂድ» አሉት። መንገድ ላይ አንድ የሚያውቀው ሰው የስንዴ ዋጋ ጠየቀው፤ የማያውቀውን ዋጋ ነግሮት አለፈ። እህቱ አሁን የት ሆና ታነበው ይሆን እያለ ነው የሚሄደው። ጠረጴዛዋ ላይ? ልጁን ልታጠባ ስትወጣ፣ መንገድ ላይ፣ በስልኳ? ማን ነው አጠገቧ ያለው? ይህን ያህል ወር የተጠበቀ ነገር፣ ስንት ሽማግሌ የመከረበት፣ ስንት በዓል የተቆጠረበት፣ በእሱ እጅ በአንድ ቀትር ተበላሸ።

ከሰዓት በኋላውን እንዴት እንደሠራው አያውቀውም። የስማዳው አለቀ፣ የአርብ ገበያው አለቀ፣ የአቶ ደሳለኝ ሳጥን ስድስት ዓመት በዐይናቸው ያላዩትን መልእክት ተሸክሞ እያቃሰተ ተሻገረ። አሥር ሰዓት ሲሆን በሩ ላይ የሰው ጥላ አየ። አባቱ ናቸው። ካሣነሽ ከሞተች ወዲህ ከወፍጮ ቤቱ አልፈው የማያውቁት ሰውዬ ጋቢያቸውን መስቀለኛ አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ዘበኛውን አስፈቅደው መጥተዋል።

«ደወለች?» አሉ።

«አልደወለችም።»

«እንግዲያው እጠብቃለሁ» ብለው በሩ ሥር ባለው የዘር ገብስ ማዳበሪያ ላይ ተቀመጡ። ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የቢሮ ስልክ ማየት ጀመሩ። ሜሮን ሻይ አምጥታ አኖረችላቸው፣ ነገሩ ሳይገባት ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሳብ አድርጋ ወጣች። ሻዩ ቀዘቀዘ። የመጨረሻው መስመር ሞላና ዘመኑ አሮጌውን ሰርቨር አጠፋው። ስድስት ዓመት ሙሉ እዚያ ክፍል ውስጥ ሲያጉረመርም የኖረው ድምፅ ቀስ እያለ ሞተ፤ ከዚያ የአባቱ ትንፋሽ ብቻ ቀረ። ስልኩ የጮኸው ከዚያ በኋላ ነው።

«ዘሜ» አለች ኤልሳቤጥ።

«አቤት ኤልሲ።»

«አዲሱ ገባልኝ። ሁሉም ደርሷል። የኅዳሩም።»

«ኤልሲየ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ እኛ እኮ...»

«ቆይ፣ ልንገርህ» አለችው። ድምፅዋ ደረቅ ነው፣ ደግሞ በጣም ደክሟል። «ዛሬ አይደለም ያወቅሁት። እንየው የመጀመሪያውን ደብዳቤ አትሞ ያመጣልኝ ዕለት ነው። ልጁን እያጠባሁ አነበብሁት። ‹ልጄ ናፍቀሽኛል› ይላል። ዘሜ፣ እማየ ናፍቀሽኛል ብላኝ ታውቃለች? አንተንስ ብላህ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«ያችን ቃል ሳነብ መሞቷን አወቅሁ።»

ክፍሉ ጭር ብሏልና እያንዳንዱ ቃል ከስልኩ አልፎ ወደ ውጭ ይሰማል። አቶ ጣሰው ከዘራቸውን አጥብቀው ያዙ። ዘመኑ «ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» አለ።

«ለእኔ ብላችሁ የደበቃችሁትን እንዴት አድርጌ ላፍርሰው? በኋላ ደግሞ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ደብዳቤውን ወደድሁት። ውሸት መሆኑን እያወቅሁ እንየው ሲመጣ እጁን እጁን አየዋለሁ። ለጥቂት ጊዜ እንኳ እንዲህ ያለች እናት ትኑረኝ አልሁ። ግን አላለቀስሁም ዘሜ። ያልነገሩት ሰው ምን ብሎ ያለቅሳል? ጥቁር ልልበስ ብል ማን ነገረሽ ይሉኛል። ባሌ ዐይኔን ይሸሻል፣ እኔ የሱን እሸሻለሁ። ጎረቤት ስገባ ወሬ ያቆማሉ። ሁሉም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ እርሜን ግን አላወጣሁም። መንገዱ እስኪከፈት መጠበቅ አልችልም። ንገሩኝ።»

«በስልክ?»

«በስልክም ቢሆን ንገሩኝ።»

ዘመኑ አፉን ከፈተ። ስድስት ወር ስንቱን ቃል ፈጥሮ የጻፈ ሰው፣ ይህችን አንዲት ቃል አጣት። አቶ ጣሰው ከማዳበሪያው ላይ ተነሡ፤ መርዶ ተቀምጠው አይናገሩትም። ኮፍያቸውን አውልቀው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱና እጃቸውን ዘረጉ። «አምጣው» አሉ።

«ኤልሳቤጥ፣ እኔ ነኝ፣ አባትሽ። አጠገብሽ ሰው አለ?»

«እንየው አለ። በር ላይ።»

«ግባ በይው። ይያዝሽ።» ጠበቁ። እዚያ ማዶ እግር ተሰማ፣ ወንበር ተሳበ። «ልጄ፣ እናትሽ ካሣነሽ በኅዳር፣ በሚካኤል ማግስት አርፋለች። ብዙ አልተሠቃየችም። ኪዳነ ምሕረት ነው ያሳረፍናት፣ ሰው ሁሉ ወጥቶ ነው የቀበራት። እርምሽን አውጪ።»

ለቅሶ ይጠብቁ ነበር፣ ለቅሶ አልመጣም። ትንሽ ድምፅ መጣች፣ የልጅነቷ ድምፅ። «አባየ፣ ናፍቄያት ነበር?»

አቶ ጣሰው ግድግዳውን አዩት። «ማታ ማታ፣ መብራት ካጠፋን በኋላ ስምሽን ትጠራ ነበር» አሉ። «‹ያች ልጅ ቤቱን ይዛው ሄደች› ትለኝ ነበር። ‹ታዲያ ለምን አትነግሪያትም?› ስላት፣ ‹ናፍቆት ለልጅ አይነገርም፣ ባለችበት ሆዷ ይባባል፣ ትዳሯን ጥላ ትመጣለች› ትለኝ ነበር። ቀን ቀን ትሰድብሻለች፣ ማታ ማታ ናፍቆቷን ለእኔ ትነግረኝ ነበር።»

ያን ጊዜ ነው «እናቴን» ብላ የጮኸችው። «እናቴን፣ እናቴን» እያለች ጩኸቷ ስልኩን ሞላው፣ ከስልኩ ወጥቶ ክፍሉን ሞላው። እዚያ ማዶ በር ተከፈተ፣ ሰው ገባ፣ ሌላ ሰው ገባ፤ «አይዞሽ፣ አይዞሽ እኅቴ» የሚሉ ድምፆች መጡ፣ ስድስት ወር ሙሉ አፋቸውን ይዘው የኖሩት ሁሉ አብረዋት ማልቀስ ጀመሩ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ የእሷማ ስንት ወር የተጠራቀመ ነው። አቶ ጣሰው ስልኩን አልዘጉትም። ጆሯቸው ላይ እንደያዙት፣ እንባቸው በጢማቸው ላይ እየወረደ፣ ልጃቸው በሰው መካከል ስታለቅስ ቆመው ሰሙ።

ዘመኑ ጠፍቶ ያልቀዘቀዘው ማሽን አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ነበር። እነዚያ ደብዳቤዎች ውሸት አልነበሩም ማለት ነው፤ ለካ ሳያውቀው እውነቱን ነው የጻፈው። ለእህቱ ደስ አለው። ሊጠይቅ አፈረ፣ ጎልማሳ ሰው ነው። ቢሆንም ጠየቀ።

«አባየ» አለ፣ «እኔንስ ናፈቀኝ ብላ ታውቃለች?»

አቶ ጣሰው ስልኩን ከጆሯቸው ሳያነሡ ወደ ታች አዩት። ጥያቄው ግራ የገባቸው ይመስላሉ።

«አንተማ ማታ ማታ ቤት ትገባ ነበር» አሉት።